ሳይጣላ የታረቀው በቃሉ

በቃሉን የመንደሩ ሰዎች «ግማሹ ሰው፣ ግማሹ ቀርከሃ» ይሉታል። ቁመቱ ረዥም፣ ወሬው አጭር ነው። ከአሶሳ ወጣ ብላ ባለችው የሰፋሪዎች መንደር፣ በመንገዱ ዳር ማንጎ ዛፍ ሥር ተቀምጦ የቀርከሃ አልጋና ወንበር ይሠራል። ደንበኛ መጥቶ «ይኼ ወንበር ስንት ነው?» ሲለው ዋጋውን ይነግረዋል። «አስተያየት አድርግ እንጂ» ሲለው ዝም ይላል። ደንበኛው ብቻውን ሲከራከር፣ ብቻውን ሲቆጣ፣ ብቻውን ሲበርድለት ቆይቶ ከፍሎ ይሄዳል። እስቲ አሁን እንዲህ ካለው ሰው ጋር በምን ይጣሉታል? ግን ተጣላ ተባለ። ያውም ከሚስቱ ጋር።

ወላጆቹ በሰባ ሰባቱ ድርቅ ከወሎ ተጭነው የመጡ ናቸው፤ እሱ ግን ተወልዶ ያደገው እዚሁ ቀይ አፈር ላይ ነው። ሙያውን ያስተማረው ጎረቤታቸው ጣሀ ነው። ጣሀ የአገሩ ተወላጅ፣ በብሔሩ በርታ ነው፤ ከጫካው የትኛው ቀርከሃ እንደበሰለ፣ የትኛው ገና እንደሆነ በጣቱ ኳ አድርጎ ይለያል። አማርኛው ላይ ሴቱም ወንዱም «እሱ» ነው፤ ለዚህ ማንም ተቀይሞት አያውቅም። ልጅ በቃሉን አጠገቡ አስቀምጦ ሲያሠለጥነው ሁለቱም ሳይነጋገሩ ይውሉ ነበር። ዝምታውን ከማን ወረሰው ለሚል ሰው መልሱ ይኸው።

የሻረግን ሲያገባ ታዲያ ሰው ሁሉ ተገረመ። የሻረግ ማለት አሶሳ ገበያ ላይ ማንጎና ባሚያ የምትሸጥ፣ ገዢውን ሳቅ መርቃ የምትሸኝ ሴት ናት። «የሱንም ድርሻ ወሬ የምጨርሰው እኔ ነኝ» ትላለች። እሱም ባወራች ቁጥር እጁ ከሥራው ሳይነሣ ከንፈሩ ፈገግ ይላል። ለገበያ የምትቀመጥበትን ዱካ ራሱ ነው የሠራላት፤ መደገፊያውን በጀርባዋ ልክ እስኪያጎብጠው ድረስ ስንቱን ቀርከሃ አበላሽቷል መሰላችሁ። ከተጋቡ ገና ሦስተኛ ክረምታቸው ነበር።

በዚያ ክረምት መግቢያ ላይ የሻረግን ትኩሳት ያዛት። ወባ ነው ተብሎ ተመረመረች፣ አይደለም ተባለ፣ ጥቂት ተኝታ ተነሣች። ከዚያ በኋላ ነው ነገሩ የጀመረው። አንድ ጠዋት ውሃ ሊቀዱ ጉድጓዱ ጋ ሄዱ። ዝናብ አድሮበት ጭቃው እንደ ቅቤ ያንሸራትታል። የሻረግ ባሊውን ስታነሣ እግሯ ከዳት፣ በጭንቅላቷ ወደ ጉድጓዱ የሲሚንቶ ከንፈር ሄደች። በቃሉ ክንዷን ለቀም አድርጎ አስቀራት። «እጅህን ይባርከው» አለችው። ስቀው ወደ ቤታቸው ተመለሱ።

በማግሥቱ የቀሚሷን እጅጌ ስትሰበስብ ክንዷ ላይ አራት ጣት ቁጭ ብሏል። አውራ ጣቱም በወዲያ በኩል አለ። የጠቆረ፣ ዳር ዳሩ ሐምራዊ የሆነ፣ የበቃሉን መዳፍ ልክ የያዘ ብልዝ። በቃሉ አየው። ከዚያ እጁን አየ። ቀርከሃ ሲሰነጥቅ የኖረ እጅ ነውና ሻካራና ትልቅ ነው። ግን እኮ ያዛት እንጂ ምን አደረጋት?

በዚያ አላበቃም። የማንጎ ቅርጫት የነካው ጭኗ ይበልዛል። በር የገፋው ትከሻዋ ይበልዛል። በመፋቂያ ጥርሷን ስትፍቅ ድድዋ ይደማል፣ አፏን ብትጉመጠመጥ ቶሎ አይቆምም። የወር አበባዋ መጥቶ አልሄድ ብሏት ነበር፤ ይኼንን ግን ለማንም አልነገረችም። በቃሉ የሚያየው ብልዙን ብቻ ነው። እሱም በልቡ አንድ ነገር ቆረጠ፤ እጄ ከብዷት ነው፣ ከዛሬ ጀምሮ አልነካትም አለ። ሲያቀብላት ዕቃውን መሬት ላይ እያስቀመጠ ሆነ። ስትቀርበው ይሸሻል። መኝታውንም ለየ።

የሻረግ ሁሉንም ነገር ትችላለች፣ ዝምታውንም ለምዳዋለች፣ መራቁን ግን አልቻለችም። «ምን አጠፋሁ?» አለችው። «ምንም» አላት። ከዚህ የባሰ መልስ የለም። ጉድጓዱ አፍ ላይ ቆማ ስታለቅስ ሴቶች አገኟት፤ እንባዋን ለመጥረግ ክንዷን ስታነሣ ደግሞ እጅጌዋ ወደ ታች ተንሸራተተ። አራቱን ጣት ሁሉም አዩት።

«ኧረ አልመታኝም» አለች የሻረግ።

«አዬ እታለም፣» አለቻት ከሴቶቹ በዕድሜ የገፋችው፣ «ሁላችንም እንደዚያው ብለናል።»

ወሬው የየሻረግ ወንድም ወንድምአገኝ ዘንድ ሲደርስ ደሙ ፈላ። ወንድምአገኝ ቁጣው ከአፍንጫው የማይርቅ ሰው ነው፤ ግን እኅቱን ይወዳል፣ እሱ አይካድም። ዱላውን አንሥቶ ሊሄድ ሲል ሚስቱ በር ዘግታ አባ አምባውን አስጠራች።

አባ አምባው የመንደሩ አበጋር ነው፤ ወላጆቻቸው ከወሎ ይዘውት የመጡትን የእርቅ ወግ ጠባቂ። ማሳና ማሳ፣ ወንድምና ወንድም፣ ሰፋሪና በርታ አስታርቋል። «ሳይደርቅ በርጥቡ፣ ሳይርቅ በቅርቡ» ይላል ሁሌ፤ ጠብ ሰምቶ እንቅልፍ አይወስደውም። የባልና የሚስት ነገር ሲመጣ ደግሞ የራሱ ደንብ አለው። ሴቲቱን ሸንጎ አያስቀርብም። ገመናዋ ሰው ፊት አይዘርገፍ ብሎ ነው፣ በክፋት አይደለም። ባልየውን ብቻ ያስቀምጣል፣ አንድ ጥያቄ ይጠይቃል። የካደ ነገሩ ይረዝምበታል፤ ያመነ ግማሹን ታርቋል።

ሽማግሌዎቹ በማንጎው ሥር በበቃሉ በራሱ ወንበሮች ላይ ተቀመጡ። ጣሀም በጎረቤትነቱ ተጠርቶ መጥቷል።

«በቃሉ፣ ልጄ፣» አለው አባ አምባው፣ «በየሻረግ ክንድ ላይ ያረፈው የማን እጅ ነው?»

በቃሉ መዳፎቹን ገልብጦ አያቸው። «የኔ ነው» አለ።

ሽማግሌዎቹ እፎይ አሉ። እንዲህ ያለ ጨዋ ሰው፣ ሳይከራከር ያመነ! «እንዴት?» ብሎ የጠየቀው ግን የለም። በቃሉ ደግሞ ካልጠየቁት አይናገርም። ጣሀ አንገቱን ነቅነቅ አድርጎ «ያ በቃሉ፣ አንተ ዶሮ አታርድም እኮ» ብሎ አጉረመረመ፤ ሰሚ አላገኘም። ተፈረደ። የሻረግ እስኪበርድ ወንድሟ ቤት ትቀመጥ። ከዚያ በቃሉ በግ ይዞ ይምጣ፣ በሸንጎው ፊት እግሯን አጥቦ ይቅርታ ይጠይቅ፣ ይታረቁ።

ለምን ዝም አለ ትሉ ይሆናል። ምክንያቱ ቀላል ነው፤ ፍርዱን ወዶታል። ከእጁ ስትርቅ የምትድን መስሎታል። ልብሷን ቋጥራ ስትወጣ ጓሮ ዞሮ እንደ ሕፃን ተንሰቀሰቀ፣ ከዚያ ፊቱን ታጥቦ ቀርከሃውን ያዘ።

ወንድሟ ቤት ታዲያ አልዳነችም። ባሏ ሳይደርስባት አዲስ ብልዝ ይወጣባታል። ወንድምአገኝ አይቶ ጥርሱን ነከሰ። «የዱላ ነገር እንዲህ ነው፣ ውሎ አድሮ ነው የሚወጣው» አለ። «ኧረ ወንድሜ፣ አልመታኝም» ብትለው «አንቺ ዝም በይ፣ ተዪው» ይላታል። የወደደ ሰው ጆሮ እንዲህ ሲደፈን ምን ይባላል! ፊቷ እየነጣ፣ ጉልበቷ እየከዳት ሄደ። ኀዘን ነው አሉ።

የእርቁ ቀን በወንድምአገኝ ግቢ ሰው ተሰበሰበ። በጉ ከአጥሩ ታስሯል። የሻረግ በርጩማ ላይ ተቀምጣለች፤ ባሏን ስታየው ዐይኗ ሞላ። በቃሉ ተንበረከከ። ውሃውን ከማንቆርቆሪያው አፈሰሰ፣ ቀሚሷን ከቁርጭምጭሚቷ ከፍ አደረገ፣ ያንን ከባድ እጁን ቀስ አድርጎ እግሯ ላይ አሳረፈ።

እግሯ ላይ ቀይ አፈር ተረጭቶባታል። የክረምት መንገድ ነው፣ የማን እግር ንጹሕ ነው? አጠበው። አልለቀቀም። ውሃ ጨመረ፣ በመዳፉ ለስለስ አድርጎ አሸው። ሳህኑ ውስጥ የወረደው ውሃ ጥርት ያለ ነው። ጎንበስ ብሎ አየ። አፈር አይደለም። እንደ ቀይ ጤፍ ፍሬ ያነሱ፣ አንድም የማያብጡ ነጠብጣቦች፣ ከእግሯ ጣት ጀምረው እስከ ባቷ ድረስ ሞልተውታል። ቀሚሱን ከፍ ሲያደርገው እነሱም ከፍ አሉ።

በቃሉ ቀና አለ። በእርቅ ወግ በዚያች ሰዓት ያጠፋ ሰው «ይቅር በይኝ» ከማለት ሌላ ቃል አይወጣውም፤ ነውር ነው። በቃሉ ግን ተናገረ፤ በዕድሜው እንዲያ ረዝሞ የተናገረበት ቀን የለም።

«አባ አምባው፣ ይኼ አይታጠብም። እኔ ክንዷን የያዝኳት ጉድጓዱ አፍ ላይ ስትወድቅ ነው። ለቀም አድርጌ አስቀረኋት፣ ሌላ የሠራሁት የለም። እግሯን አልነካሁም። ይኼን የጤፍ ፍሬ የሚያህል ነገር ደግሞ በዱላም በጥፊም የሚሠራ ሰው የለም፤ እዩት። ፊቷንም እዩት። ቅጣቱን እቀጣለሁ፣ በጉንም ብሉት። እሷን ግን ሐኪም ቤት አድርሱልኝ፣ እየሞተችብኝ ነው።»

ጣሀ ተነሥቶ አጎንብሶ አየና «ወላሂ ይሄ ዱላ አይደለም። በሽታ ነው። ሐኪም ይየው» አለ።

«ይኼን ሁሉ ያን ዕለት ለምን አልነገርከንም?» አለ አባ አምባው።

«አልጠየቃችሁኝም» አለ በቃሉ።

አባ አምባው ከዘራውን አንሥቶ ቆመ። እርቅ ሳይቋጭ ሽማግሌ አይበተንም፤ እሱም ደንብ ነው። ስለዚህ ሁሉም ሄዱ። የሻረግ በባጃጅ፣ በቃሉ ከጎኗ እንዳይነካት ጥግ ይዞ፣ ሽማግሌዎቹና ወንድምአገኝ በሌላ ባጃጅ ተጨናንቀው። በጉ ብቻ አጥሩ ላይ ታስሮ ቀረ።

የሆስፒታሉ ኮሪደር እንዲህ ያለ ሸንጎ አይቶ አያውቅም። ተረኛዋ ሐኪም ዶክተር ሐሴት ከሐዋሳ ተመድባ የመጣች ወጣት ናት። ብልዙን አየች፣ ነጠብጣቡን አየች፣ ከኋላ የቆሙትን ጋቢ ለባሾች አየች። «አባቶች፣ ሁላችሁም ውጭ ትጠብቁኛላችሁ። ባልየውም፣ ወንድምየውም» አለች። በሩ ተዘጋ።

በቃሉ ከበሩ አጠገብ ቆሞ መጀመሪያ የሰማው የየሻረግን ሳቅ ነው። ከዚያ ለቅሶዋን። ሐኪሟ ምን ብላ እንደጠየቀቻት የሻረግ ኋላ ነው የነገረችው። «ቤትሽ ውስጥ የሚመታሽ ሰው አለ? እውነቱን ብትነግሪኝ ከዚህ በር አይወጣም» ነው ያለቻት። ያን ሁሉ ጊዜ ስለ እሷ ሲወራ፣ ሲፈረድ፣ በግ ሲታሰር፣ እሷን ራሷን የጠየቀች የመጀመሪያዋ ሰው ሐኪሟ ሆነች። «የለም» አለች፤ ታመነች።

ከዚያ በቃሉ ተጠራ። ዶክተሯ ሌላ ሌላውንም ጠየቀች። ከልጅነቷ ጀምሮ ነስር ያስቸግራት ነበር ወይ? ጥርስ ስትነቀል ደም አልቆም ብሏት ያውቃል? በዘር እንዲህ ያለው ሰው አለ? ምን መድኃኒት ወስዳለች? የወር አበባዋስ? እዚህ ላይ የሻረግ አንገቷን ደፍታ የደበቀችውን ተናገረች። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባል የለ። ሐኪሟ አልተቆጣቻትም። ቀጭን መስታወት ነጠብጣቡ ላይ ጫን አድርጋ ለበቃሉ አሳየችው። «አየህ፣ የቆዳ ሽፍታ ቢሆን ስጫነው ይጠፋ ነበር። ይኼ ግን ከቆዳዋ ሥር የፈሰሰ ደም ነው።» ሆዷን ዳሰሰች፤ ጣፊያዋ አላበጠም። ደም ተቀዳ።

ውጤቱ ሲመጣ ዶክተሯ ፊቷ ጠበቅ አለ፤ ግን ቶሎ አልፈረደችም። «መሣሪያው አንዳንዴ ይሳሳታል፤ ደም የሚያረጉትን ቅንጣቶች ተጣብቀው ሲያገኛቸው አይቆጥራቸውም። በማይክሮስኮፕ በዐይን ይታይ» ብላ መልሳ ላከችው። በዐይንም ታየ። ያው ነው። ወባ የለም፣ የጉበት ቫይረሱም ኤች አይ ቪውም የለም፣ እርግዝናም የለም፣ ነጩ ደም ደኅና ነው። ቀዩ ብዙ ስለፈሰሳት ትንሽ አንሷል። ሌላው ሁሉ አንድ በአንድ ከተጣራ በኋላ የቀረው አንድ ነገር ሆነ።

ሽማግሌዎቹ እንስማ አሉ። የሻረግም «ይስሙ፣ እነሱማ መስማት አለባቸው» አለች።

«በደማችን ውስጥ ፕላትሌት የሚባሉ ጥቃቅን ነገሮች አሉ፣» አለች ዶክተር ሐሴት። «የደም ሥር ሲቀደድ ተሯሩጠው የሚደፍኑት እነሱ ናቸው። እኛም ዕቃ ገጭቶን፣ ሰው ይዞን በየቀኑ በትንሹ እንቀደዳለን፤ ግን ስለሚደፈን አናውቀውም። ቁጥራቸው ከመቶ ሃምሳ ሺህ በላይ መሆን ነበረበት። የእሷ አሥር ሺህ እንኳ አልሞላም።»

«ማን ጨረሰባት?» አለ ወንድምአገኝ፣ አሁንም የሚጣላው ሰው እየፈለገ።

«የራሷ ሰውነት። በሽታ የሚከላከለው ኃይሏ ተሳስቶ የገዛ ፕላትሌቶቿን እንደ ጠላት ያጠፋቸዋል። ውሻ የቤቱን ሰው ሌባ መስሎት እንደሚነክሰው። አንዳንዴ ትኩሳት ካለፈ በኋላ ይጀምራል፣ ብዙ ጊዜ ግን ምክንያቱ አይታወቅም።»

አባ አምባው ጋቢውን ገለጥ አደረገ። «ደማችንን ውሰጂ፣ ልጄ። ሁላችንም እንሰጣለን።»

«እግዜር ይስጥልኝ አባቴ። ግን የእናንተንም ያው ውሻ ይበላዋል። መጀመሪያ እሱን ማሰር ነው።» ማሰሪያው እንክብል ነው አለች፤ የሰውነትን ቁጣ የሚያበርድ። አስፕሪንና መሰሎቹን የሕመም ማስታገሻዎች እንዳትነካ፣ እንዳትወድቅ፣ ከባድ ራስ ምታት ከያዛት በዚያው ሰዓት እንዲነግሯት። «የምፈራው ጭንቅላቷ ውስጥ እንዳይደማ ነው» አለች። ይኼን ስትል ድምጿን ዝቅ አደረገች።

የሻረግ ሆስፒታል ተኛች። በቃሉ አልጋዋ አጠገብ ተቀመጠ፣ እጆቹን ከብብቱ ሥር ቀብሮ። ምግቧን በማንኪያ ጫፍ ያቀርባል፤ አይነካትም። ዶክተሯ ስትመጣ ስትሄድ ይኼን አየችው።

«በቃሉ፣ ያን ዕለት ጉድጓዱ ጋ ባትይዛት ኖሮ የት ትወድቅ ነበር?»

«በጭንቅላቷ። ሲሚንቶው ላይ።»

«በዚያ ፕላትሌት፣» አለች ዶክተሯ፣ «ከዚያ አትነሣም ነበር።» ይኼን ብላ ወደ ቀጣዩ አልጋ ሄደች። በቃሉ እጆቹን ከብብቱ አውጥቶ ጉልበቱ ላይ አስቀመጣቸው። የሻረግ አይታዋለች።

መድኃኒቱ ሠራ። መጀመሪያ ድድዋ መድማት ተወ፣ የወር አበባዋም ቆመ። ነጠብጣቡ እንደ አሮጌ ዝገት ቡናማ ሆኖ ጠፋ። ቁጥሩ ወጣ፣ ደግሞ ወጣ። ፊቷ ከእንክብሉ የተነሣ ክብ ብሎ ስላበጠ «ወፈርኩ፣ ገበያው ይወደኛል» እያለች ዘመድ ታስቃለች። ሊመለስ ይችላል፣ መድኃኒቱን በራስሽ እንዳታቋርጪ፣ እየመጣሽ ተመርመሪ ተብላ ወጣች።

ያልተቋጨው እርቅ አሁን መቋጨት ነበረበት። አባ አምባው ሸንጎውን በማንጎው ሥር ሰበሰበ። የዛሬውን በግ ያመጡት ሽማግሌዎቹ ናቸው፤ የበቃሉ በግ ተፈትቶ ሣሩን ይግጣል። አባ አምባው ማንቆርቆሪያውን በራሱ እጅ አነሣ። በቃሉ ገባውና ወደ ኋላ ሸሸ፤ አባት የሆነ ሰው እንዴት ያጥበዋል?

«ዝም በል፣ አንተ ዝም ማለት ታውቅበታለህ» አለው አባ አምባው። «እጅህን አምጣ። እኛ ነን ያጎደፍነው።» እነዚያን ሁለት ሻካራ መዳፎች አጠባቸው፣ በጋቢው ጫፍም አደረቃቸው። ወንድምአገኝ ቀርቦ ሳመውና አለቀሰ። ከዚያ አባ አምባው ወደ የሻረግ ዞረ። «ልጄ፣ አንቺንስ ምን እንበልሽ?»

«ከእንግዲህ ሴቲቱን አስቀድማችሁ ጠይቁ» አለች። «የተመታችም ትኖራለች፣ ያልተመታችም። ትናገራለች እኮ።»

ዛሬ የአባ አምባው ደንብ ይኼ ነው። ሸንጎ ከመቀመጡ በፊት ሚስቱ እትዬ ማንጠግቦሽ ሴቲቱን ለብቻዋ ታነጋግራታለች። «እኔንም አንድ ቀን ቢጠይቀኝ ስንት ነገር ነበረኝ» ትላለች ማንጠግቦሽ፤ አባ አምባው ያልሰማ ይመስላል።

በቃሉ ግን፣ ምን ይደረግ፣ ፍርሃቱ አለቀቀውም። እጁ ታጥቧል፣ ሐኪም መስክራለታለች፣ ሲነካት ግን እንቁላል እንደያዘ ሰው ነው። አንድ ማለዳ የሻረግ ከፊቱ ቆመች፣ እጅጌዋን ሰበሰበች።

«ያዘኝ።»

ያዛት።

«እንደዚህ አይደለም። እንደ ጉድጓዱ ጊዜ።»

«የሻረግ፣ ተይ።»

«እወድቃለሁ ያዘኝ!» አለችና ወደ ኋላ ተለቀቀች። እጁ ሳያስበው ሄደ፤ ለቀም አደረጋት። ይዟት ቆመ፣ ከዚያ ፊቷን ሳያይ ወደ ቀርከሃው ተመለሰ። ቀኑን ሙሉ ሥራ እምቢ አለው።

በማግሥቱ አባ አምባው ወንበር ሊያሳድስ መጥቶ ማንጎው ሥር ተቀምጧል። የሻረግ ወጣችና ክንዷን ዘረጋችለት። «አባ፣ ይመስክሩ።» አባ አምባው መነጽሩን አጠለቀ፣ ክንዷን ወደ ብርሃኑ አዞረው፣ ወዲያም ወዲህም አየው። አራት ጣት የለም። አውራ ጣትም የለም።

«ንጹሕ ነው» አለ አባ አምባው።

በቃሉ ቢላዋውን አስቀመጠ። መጥቶ ያንኑ ክንድ በሙሉ መዳፉ ያዘው፣ አባ አምባው ፊት፣ ያለ ሐፍረት። ደንበኛ መጥቶ «ይኼ አልጋ ስንት ነው?» አለ። አልለቀቃትም፣ አልመለሰለትምም። ዋጋውን የነገረችው የሻረግ ናት።